ታላቅየውን ያልጠየቅንበት ጠዋት

የቀለም ክፍሏን ባለፈው ወር አፈረስናት። ስፋቷ ከአንድ መኝታ ቤት አይበልጥም፤ ግን ሦስት ሠራተኞች ሁለት ቀን ሙሉ ቢፈገፍጓትም የወለሉ ብርቱካንማ እድፍ አልለቅ አለ። በመጨረሻ ንጣፉን ራሱን ነቅለው ጣሉት። አሁን በቦታው የጫማ ካርቶን የምታህል ሌዘር ተቀምጣለች። ቁልፏን ሲጫኑት ትበራለች፣ ሲጫኑት ትጠፋለች፤ አትንጠባጠብ፣ አትሸት፣ ሰው አታስለቅስ። የቤተ ሙከራችን ወጣቶች ይወዷታል። እኔም እወዳታለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬ የአልኮሉን ሽታ ይፈልጋል፣ ጆሮዬም “እግርሽን ጥረጊ” የሚለውን ድምፅ ይጠብቃል። የድምፁ ባለቤት እትዬ ቀለም ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።

እርግጥ ስማቸው ይህ አልነበረም። እናታቸው ያወጡላቸው ደህና ስም ነበራቸው፤ ግን ከመዝገብ ቤት በስተቀር በሱ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ወደ ቤተ ሙከራችን ከመምጣታቸው በፊት አሥራ አንድ ዓመት በጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሠርተዋል፤ እኛ ዘንድ የተቀጠሩት ለጽዳት ነው። በዚያ ዘመን ሌዘሮቻችን ብርሃን የሚያወጡት ከቀለም ነበር። የቀለሙ ዱቄት በአልኮል ይሟሟል፣ በፓምፕ እየተገፋ እንደ ቀጭን ጥብጣብ ይወረወራል፣ ሌላ ኃይለኛ ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል። ውህዱ ትንሽ ከቀጠነ ሌዘሩ ይደክማል፤ ከወፈረ ደግሞ ያኮርፋል። ሁለት ዶክተሮች ሳምንቱን ሙሉ ሲለኩና ሲደፉ ከርመው እምቢ ቢላቸው፣ መጥረጊያ ይዘው በር ላይ የቆሙት ሴትዮ “ዱቄቱ አልሟሟም፤ ሞቅ አድርጋችሁ አሳድሩት” አሏቸው። አሳደሩት፤ በማግስቱ በራ። መጥረጊያው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ጓንት ያደርጋሉ፣ ግን የጥፍራቸው ሥር ከብርቱካንማነት ነፃ የሆነበትን ቀን አላስታውስም። ሰርግ ሲጠሩ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ነው የሚጨፍሩት እያልን እንቀልድባቸው ነበር። እሳቸውም አያልፉንም። እኔ አንዴ ከሌዘሩ መስታወቶች አንዱን በክርኔ ገጭቼ የግማሽ ቀን ሥራቸውን ሳበላሽ፣ ይህቺ ልጅ ዶክተር የተባለችው በምን አይነት ፈተና እንደሆነ በየቢሮው እየዞሩ ጠየቁ።

ሥራችንን ለዘመድ ማስረዳት ሁልጊዜ ጣጣ ነው። የአተም አስኳል ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ እንለካለን፤ በተለይ የከባዶቹን። ይህንን ለእናቴ ስነግራት አንድ ዓመት ሙሉ “እሺ፣ ከዚያስ?” ስትለኝ ኖራለች። አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መሥሪያ ቤት መጣችና እትዬ ቀለም እጅ ወደቀች።

“የአንድ እናት ልጆች ናቸው እንበል” አሏት። “ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው አንድ። ክብደታቸው ብቻ ይለያያል። አይሶቶፕ ይሏቸዋል። እንግዲህ ሆዳቸው ምን ያህል እንደሰፋ በሜትር አትለኪው፣ ዓይን አያያቸውም። ስለዚህ ብርሃን ታጠጫቸዋለሽ። ሆዱ ሰፋ ያለው የሚጠጣው የብርሃን ቀለም ከቀጭኑ ወንድሙ በጣም፣ በጣም በትንሹ ይለያል። እነዚህ ልጆች ደግሞ ከዚያች ልዩነት ተነስተው ስፋቱን ያሰሉታል።”

እናቴ ወደኔ ዞር ብላ “ታዲያ ይሄን ለመናገር ነው አንድ ዓመት የፈጀብሽ?” አለችኝ። እውነት ለመናገር ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ ከፕሮፌሰርም አፍ አልሰማሁም።

ከወንድሞቹ መካከል አንዱ አይፈርስም። ጽኑ ነው፤ ስፋቱም ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። እሱን “ታላቅየው” እንለዋለን። መሣሪያ ያው መሣሪያ ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም መስታወት ሲነካ የሚያነበው ቁጥር ማንም ሳያይ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንዱን ታናሽ ለክተን ስንጨርስ ወደ ታላቅየው እንመለስና እሱን እንለካለን። ቁጥሩ የቀድሞው ከሆነ መሣሪያው አልዋሸንም ማለት ነው፤ ካልሆነ በመሀል የተለካው ሁሉ ውሃ በላው። “ታላቅየውን ሳትጠይቁ እንዳታልፉ” የእትዬ ቀለም የዘወትር ቃል ነበር፤ በተለይ ቀለም በተቀየረ ጊዜ። ቀለም ሲቀየር መስታወቶቹ እንደገና ይስተካከላሉ፣ ብርሃኑ ወደ መለኪያው የሚገባበት መንገድ የፀጉር ያህል ይዛነፋል፣ ቁጥሩም አብሮ ይዛነፋል። ይህንን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። እያንዳንዱን ቅየራ ከነሰዓቱ የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው፤ እሱን ከኛ ቁጥሮች ጋር እያስተያዩ በራሳቸው የደረሱበት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ስልሳ የሚጠጉ የጥናት ጽሑፎች ወጥተዋል። በሁሉም ላይ የአጥኚዎቹ ስም ከርዕሱ ሥር ይደረደራል፤ መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ በደቃቅ ፊደል “የቴክኒክ ሠራተኞችን እናመሰግናለን” ይላል። እትዬ ቀለም ያቺ መስመር ነበሩ። አንድ ቀን ሻይ ላይ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ አለቃችንን ፊት ለፊት ጡረታ ሳልወጣ ስሜ አንዴ ይውጣልኝ አሉት። ስናያቸው አይስቁም። አለቃችን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት የሚቀድመኝ፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነበር። ጥቂት አሰበና፣ ከወንድሞቹ ሁሉ ከባዱ አይሶቶፕ ሲለካ ስማቸው ከኛ ጋር እንደሚገባ በሁላችን ፊት ቃል ገባ። ለጡረታቸው አምስት ወር ቀርቷቸው ነበር።

ያ ከባዱ አይሶቶፕ የሚወለደው አስኳሎችን በኃይል አስሮጦ በሚያጋጨው ትልቅ መሣሪያ፣ በማፋጠኛው ውስጥ ነው። ከሱ ዕድሜ ጋር ሲወዳደር አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው ብዙ ቀሪ ዘመን አለው፤ ደቂቃ ሳይሞላው ይፈርሳል። በዚያ ላይ በደቂቃ የሚደርሰን ሦስት አራት አተም ብቻ ነው። ማፋጠኛውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ተኩል ወረፋ ጠብቀን አምስት ቀን ተሰጠን። በአምስተኛው ቀን ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ለሌላ ቡድን ያልፋል።

አራቱ ቀናት በወጉ አለፉ። ቀለል የሚሉትን ወንድሞች አንድ በአንድ ለካናቸው፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ታላቅየው ተጠየቀ። ከባዱ ለአምስተኛው ቀን ጠዋት ቀረ፤ ፈረቃው የኔ ነበር። ያን ጊዜ ኮንትራቴ ሊያልቅ ወራት ቀርተውታል፣ ቋሚ የሥራ መደብ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ የሚያስገኝልኝም ይህ ልኬት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከንጋት ጀምሮ ጥቂት አተሞች ያዝኩ፤ በስክሪኑ ላይ ከመሬት ብዙም ያልተነሳች ጉብታ ታየች፤ ከቁጥር የምትገባ አልመሰለችኝም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሌዘሩ ደከመ። እትዬ ቀለም ምንም ሳይሉ አሮጌውን ቀለም ደፍተው አዲስ ሞሉ፣ መስታወቶቹን አስተካከሉ፤ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ሌዘሩ እንደ ልጅነቱ በራ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ በሩ ላይ ቆሙ።

“ቀለሙን ቀይሬዋለሁ። አሁን ታላቅየውን ጠይቂው።”

ወደ ታላቅየው ለመመለስ የማፋጠኛው መስመር ማግኔቶች እንደገና መቃኘት አለባቸው። ሃምሳ ደቂቃ ይበላል፤ የቀረኝ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው።

“መጨረሻ ላይ እጠይቀዋለሁ” አልኩ።

“መጨረሻ ላይ ጊዜ አይኖርሽም።”

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ወደ ስክሪኔ ዞርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ስለ እኔ የተባለ መስሎኝ አያውቅም ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጉብታው ጥርት ብሎ ወጣ። የአስኳሉን ስፋት የሚናገረው ቦታው ግን ማንም የጠበቀው አልነበረም። ወንድሞቹ ሁሉ አንድ በአንድ፣ ቀስ በቀስ እየሰፉ መጥተው ሳለ ከባዱ ግን በአንዴ ተነፍቶ ተገኘ። ይህ ትልቅ ግኝት ነው፤ አስኳሉ ቅርፁን ለውጧል እስከማለት ያደርሳል። አለቃ ከቢሮው ሮጦ መጥቶ አቀፈኝ። ሰው ተሰበሰበ፣ ተጨበጨበ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ማፋጠኛው ተወሰደ፤ ስለ ታላቅየው ያነሳ ሰው የለም። በደስታው መሀል እትዬ ቀለም ባዶ ጠርሙስ ሲያጥቡ አየኋቸው። ዓይኔን ወዲያው መለስኩ።

በሦስት ሳምንት ረቂቁ ተጻፈ። ዘጠኝ ስም ነበረበት፤ የእትዬ ቀለም ሰባተኛ ነው። አለቃ አትሞ ሲሰጣቸው ቆመው አነበቡት፣ ከዚያ ቁጭ ብለው እንደገና አነበቡት። ውጭ ዝናብ ስለነበር በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ያንንም በሌላ ፕላስቲክ ጠቅልለው ለልጃቸው ሊያሳዩ ይዘውት ሄዱ። በማግስቱ አንድ ካርቶን ከረሜላ ይዘው መጥተው ለዘበኞቹ ሳይቀር አደሉ። “እትዬ ደራሲዋ” እያልን ስንጠራቸው ተቆጡን፣ ግን ደጋግመን ስንጠራቸው ደስ ይላቸው ነበር።

ጉዳቱ የመጣው ጽሑፉን በማንበባቸው ነው። እኛ የጻፍነውን ሰው ሁሉ አጨብጭቦ ሲያልፈው እሳቸው ግን ከነሠንጠረዡ አነበቡት፤ ሠንጠረዡ ላይ ከቁጥር ያልገባው ሳይቀር የእያንዳንዱ ልኬት ሰዓት አለ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ደብተራቸውን ይዘው ገቡ። ፊታቸው የታመመ ሰው ፊት ነበር። ረቂቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ብርቱካንማ ጥፍራቸውን ከሠንጠረዡ ላይ አሳረፉ።

“ቀለም የቀየርኩት ለአራት አሥር ጉዳይ ነው” አሉ። “ከዚያ በፊት የተያዙት ጥቂት አተሞች እዚህ ናቸው፤ ከወንድሞቻቸው ጋር የተስተካከሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት እዚያ ሄደዋል። መሀል ላይ ታላቅየው አልተጠየቀም። ይሄ አስኳል አልተነፋም፤ የተዛነፈው የኛ ብርሃን ነው።”

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። አለቃ ቁጥሮቹን ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ለምን እንዳልተጠየቀ ጠየቀ። የሚያየው እኔን ነበር። ቋሚ መደቡ፣ ኮንትራቱ፣ የእናቴ ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ተደቀነ።

“መቀየሬን አልነገርኳትም” አሉ እትዬ ቀለም።

ከኔ የሚጠበቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ነግረውኛል ማለት። አላልኩም። ጽሑፉ ቀረ። አለቃም በፈረቃ መዝገቡ ላይ በገዛ እጁ “የቀለም ቴክኒሻኗ ሳያሳውቁ ቀለም በመቀየራቸው የአምስተኛው ቀን ልኬት ተሰርዟል” ብሎ ጻፈ። ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ በዚያ ቤት ስለ እትዬ ቀለም በጽሑፍ የሰፈረው ይህ ብቻ ሆነ።

ኮሪደር ላይ ሮጬ ደረስኩባቸው። ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅኳቸው፤ ጥያቄው ራሱ ያሳፍር ነበር። ሳይቆሙ መለሱልኝ።

“አንቺ ገና ነሽ፤ ከዚህ ብትወጪ የት ትገቢያለሽ? እኔ እንደሆንኩ ወጪ ነኝ። ደግሞ ወድጄሽ ያደረግኩት እንዳይመስልሽ። ተቀይሜሻለሁ።”

እትዬ ቀለምን ጻድቅ አድርጎ ማውራት ይቀናኛል፤ አልነበሩም። ተቀይሜሻለሁ ካሉ ተቀይመዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆንን። ሥራ ሲሆን ያናግሩኛል፤ ሰላምታቸው ግን ግድግዳውን እያዩ ነበር። የሽኝታቸው ዕለት ኬክ ተቆረሰ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው፣ ሁሉንም አገላብጠው ሳሙ፤ እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰጡኝ። ጨበጥኳቸው። ልኬቱ ቢሰረዝም ጥፋቱ በኔ ስላልተቆጠረ፣ ቋሚ መደቡን ከዚያ በወሩ አገኘሁ።

ስምንት ዓመት አለፈ። ሦስት ጊዜ ስልክ ደውያለሁ። “ደህና ነሽ? እናትሽ ደህና ናት? እሺ በይ” ይሉና ይዘጉታል። ስለ መዝገቡ አላነሱም፤ እኔም ወኔ አጣሁ። በየዓመቱ የሚመጡትን አዳዲስ ልጆች መዝገብ አያያዝ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ የዚያን ዓመት መዝገብ ግን ከመደርደሪያው አላወርደውም። ፍርሃት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በዘጠነኛው ዓመት አለቃ ወደ ሌላ ተቋም ሄዶ በቦታው ተተካሁ፤ ማፋጠኛውም እንደገና ደረሰን። ከባዱን እንደገና ለካነው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ታላቅየው ተጠየቀ፤ ልጆቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ አስጠየቅኳቸው። ውጤቱ ምንም አያስጨበጭብም። ከባዱ አስኳል እንደ ወንድሞቹ በልኩ፣ በዝግታ ሰፍቶ ተገኘ፤ ያቺ ከቁጥር ያላስገባናት ትንሽ ጉብታ በነበረችበት ቦታ ላይ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ግን ማን ፊት እንደሚያበራ ተረቱ አይናገርም።

በአዲሱ ጽሑፍ የድሮዎቹን አራት ቀናት ልኬቶችም ተጠቀምኩ፤ ምንም እንከን አልነበረባቸውም። በአዲሱ ደንባችን ልኬቱ ላይ የነበረ ሁሉ ስሙ ይገባል። ስለዚህ የእትዬ ቀለም ስም በማንም በጎ ፈቃድ ሳይሆን በመብት ገባ። ከመላኩ በፊት ግን መዝገቡን አወረድኩ። ሰኞ ስብሰባ ላይ አለቃ የጻፋትን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኳት፤ ቀጥዬ ሁሉም እያዩ ከሥሯ ጻፍኩ። ቅጽል ስማቸውን ሳይሆን እናታቸው ያወጡላቸውን ስም፣ ከነአባት ከነአያት አስቀድሜ፣ “ቀለም መቀየራቸውን ነግረውኛል። ታላቅየውን እንድጠይቅ ሁለት ጊዜ አሳስበውኛል። ያለፍኩት እኔ ነኝ” አልኩና ፈረምኩ። ማንም አላባረረኝም። ሰው የሚያባርረው በሌለበት ጊዜ እውነት መናገር ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ።

ጽሑፉ ሲወጣ ከመዝገቡ ገጽ ፎቶ ኮፒ ጋር ይዤላቸው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር። ልጃቸው በር ከፈተችልኝ። እትዬ ቀለም መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸው ደክሞ ወፍራም መነጽር አድርገዋል። ሰላምታ ሰጡኝ፤ ቁጭ በይ ግን አላሉኝም። ቆሜ ጽሑፉን ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግተው በጣታቸው ስሞቹን አንድ በአንድ ተከተሉ። ጥፍራቸው ነጽቷል። ጣታቸው አራተኛው ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ።

“ይሄ የአባቴ ስም ነው” አሉ። “የኔስ?”

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መጽሔቱ የሰውን ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ አስቀርቶ የአባትን ስም ሙሉውን ይጽፋል። የኔም እንደዚያው ነው። ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፤ ልብ ብዬው አላውቅም።

“ከፊት ያለችው ፊደል እርስዎ ነዎት” አልኳቸው።

“ያኔ ረቂቁ ላይ ሙሉ ነበርኩ።”

“ረቂቁን የጻፈው አለቃ ነው። መጽሔቱ ነው የሚቆርጠው፣ እትዬ። የሁላችንንም ቆርጦታል።”

ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲለፉ ኖረው ስማቸውን አንድም ሰው በደህና አንስቶት እንደማያውቅ፣ አሁን ግን አባትየው የአስኳል አጥኚ መሆናቸውን ለልጃቸው ነገሯት። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ከቦርሳዬ ፎቶ ኮፒውን አውጥቼ ሰጠኋቸው።

የአለቃን መስመር አነበቡ። ከሥሩ የኔን አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ልጃቸው ከኋላቸው ቆማ በትከሻቸው ላይ ታነብ ነበር። በመጨረሻ ጽሑፉን ወደኔ መለሱና ፎቶ ኮፒውን ለልጃቸው ሰጧት።

“ይሄንን ፍሬም አሠሪልኝ።”

“ይሄ እኮ ፎቶ ኮፒ ነው፣ እማዬ። ያኛው አይሻልም?”

“ስሜ ያለው እዚህ ላይ ነው” አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መጀመሪያቸው ነበር።

“አንቺ ደግሞ ምን ይገትርሻል?” አሉኝ። “ቁጭ በይ እንጂ።”